«አሞሻል» የተባሉት ሴቶች

የኅዳር ሌሊት ነው፤ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኝ አንድ የአውቶቡስ ጣቢያ ሚሊሰንት ባርንስ የምትባል የ25 ዓመት ወጣት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የዘገየ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ተነሥታ የጣቢያውን ሠራተኛ መቼ እንደሚመጣ ብትጠይቀው ሽማግሌው ፊቱን አኮሳትሮ በየደቂቃው እየመጣች እንዳትነዘንዘው ይነግራታል። እሷ ግን ገና አሁን መጠየቋ ነው። ሻንጣዋን ብታይ ሳታስረክበው ከዕቃ ማስረከቢያው ጀርባ ተቀምጧል። መታጠቢያ ቤት ብትገባ የጽዳት ሠራተኛዋ ቅድምም እዚህ እንደነበረች ትነግራታለች። ቀና ብላ መስተዋቱን ስትመለከት በተከፈተው በር በኩል ራሷን ታያለች፤ ያንኑ ልብስ ለብሳ፣ ያንኑ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ።

አንድ ደግ መንገደኛ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያዳምጣታል። እሷም የገባትን ትነግረዋለች። ከዚህ ዓለም ጎን ሌላ ዓለም አለ፤ እዚያም የእያንዳንዳችን አምሳያ ይኖራል፤ አንዳንድ ጊዜ አምሳያው ወደዚህ ይሻገርና ቦታ ለማግኘት ሲል ባለቤቱን ያስወግዳል። ሰውየው በአዘኔታ ያያታል። መኪና ያለው ወዳጅ እንዳለውና ደውሎ እንደሚያስመጣላት ይነግራትና ሄዶ ፖሊስ ይጠራል። ሚሊሰንት ለሕክምና ተብላ ትወሰዳለች። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ደጉ መንገደኛ የገዛ ሻንጣው ጠፍቶበት፣ የሚሮጥ ሰው አይቶ የተከተለው። ሯጩ ዞር ሲል ፊቱ የራሱ የመንገደኛው ፊት ነበር።

ይህ ታሪክ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1960 «ትዋይላይት ዞን» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ዝግጅት የታየ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የድንግዝግዝ ቀጠና» እንደ ማለት ነው፤ ቀኑ ያልለቀቀበት፣ ሌሊቱም ያልያዘበት ሰዓት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሚሊሰንት የተናገረችው እውነት ነው፤ በዓይኗ ያየችውን ነው። የተሰጣት መልስ ግን «ዋሽተሻል» የሚል አይደለም። ውሸታም የተባለ ሰው ቢያንስ ይከራከራል፣ ምስክር ይጠራል። እሷ የተባለችው «አሞሻል» ነው። የታመመ ሰው ደግሞ ይታከማል እንጂ አይከራከርም።

በእኛ አገር «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ይባላል። ተረቱን አስተውለን ካየነው ሴት አታውቅም አይልም። እንድታውቅ ይፈቅድላታል። የማይፈቅድላት ዕውቀቷ የወንድ ማኅተም ሳያርፍበት ዕውቀት ተብሎ እንዲቆጠር ነው። አባባሉ የእኛ ይሁን እንጂ ጠባዩ የብዙ አገር ነው። በዚህ ዝግጅት ውስጥ ተመልካች ከስድሳ ዓመት በላይ ያልረሳቸው ሴቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ጠባይ ጋር የተጋጩ ናቸው። ለመሆኑ እንዲህ ያሉ ሴቶች በዚያ ዘመን፣ ያውም በማስታወቂያ ገንዘብ በሚኖር ቴሌቪዥን ላይ፣ እንዴት ሊታዩ ቻሉ?

የኮካ ኮላው ጠርሙስ

«ትዋይላይት ዞን» በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ከኦክቶበር 2 ቀን 1959 እስከ ጁን 19 ቀን 1964 ድረስ ታየ። በ5 የዝግጅት ዘመን 156 ታሪኮች ቀርበዋል። እንደ ሌሎቹ ተከታታዮች አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ መርማሪ ይዞ አይቀጥልም፤ በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ፣ አዲስ ሰው፣ አዲስ ዓለም ነው። ከ156ቱ 92ቱን የጻፈውና እየቀረበ የሚያስተዋውቀው ሮድ ሰርሊንግ ነበር።

ሰርሊንግ በዲሴምበር 1924 ተወልዶ በኒው ዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ ያደገ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓራሹት ወታደርነት ፊሊፒንስ የዘመተ ሰው ነው። በ1955 «ፓተርንስ» በተባለ የቴሌቪዥን ድራማው ስሙ ገነነ። ገና በዝናው ማግስት ግን አንድ ነገር ተፈጠረ።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ኤመት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ከቺካጎ ወደ ሚሲሲፒ ሄደ። አንዲት ነጭ ባለ ሱቅ ደፍሯል ተባለና በሌሊት ከተኛበት ተወስዶ ተገደለ፤ አስከሬኑም ወንዝ ውስጥ ተጣለ። በሴፕቴምበር ወር ሁለት ነጮች ለፍርድ ቀረቡ። የልጁ እናት ወይዘሮ ማሚ ቲል ፍርድ ቤት ቆመው ከወንዙ የወጣው አስከሬን የልጃቸው መሆኑን መሰከሩ። የተከሳሾቹ ጠበቆች አስከሬኑ የእርሱ ላይሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። እናት የወለደችውን ልጅ አላወቀችም እንደ ማለት ነው። ነጮች ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ጉባኤ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ተከሳሾቹን በነፃ አሰናበተ። ወራት ሳይቆይ፣ በጃንዋሪ 1956፣ ሁለቱ ሰዎች ልጁን እንዴት እንደገደሉት ራሳቸው ለአንድ መጽሔት ተናገሩ።

ሰርሊንግ በዚህ ነገር ተነሣሥቶ ድራማ ጻፈ። ድራማው በ1956 የታየው በዩ.ኤስ. ስቲል ኩባንያ ገንዘብ በሚቀርብ ዝግጅት ላይ ነበር። የደቡብ ነጮች ሸቀጥ አንገዛም ብለው እንዳያድሙ በመፈራቱ ድርሰቱ ተቆራረጠ። ታሪኩ ከደቡብ ተነቅሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኒው ኢንግላንድ ተወሰደ፤ ሟቹ ስም የሌለው የውጭ አገር ሰው ሆነ፤ ደቡብን ያስታውሳል ተብሎ የኮካ ኮላ ጠርሙስ እንኳ ሳይቀር ከመድረኩ ተነሣ። በ1958 በሌላ ዝግጅት በድጋሚ ሞከረ። ያም ቢሆን ዘመኑ ወደ 19ኛው ምዕት ዓመት ተገፍቶ፣ ሟቹም ሜክሲኳዊ ሆኖ ቀረበ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰርሊንግ አንድ ነገር ተረዳ። በሚሲሲፒ ሰው አፍ የማይነገረው ነገር በማርስ ሰው አፍ ሲነገር ማንም ልብ አይለውም። ሳሙናና ሲጋራ የሚሸጡት ኩባንያዎች ስለ ሌላ ፕላኔት አይቆጡም። «ትዋይላይት ዞን» የተወለደው ከዚህ ብልሃት ነው፤ ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሰርሊንግ ሴት ገጸ ባሕርያቱን ከወይዘሮ ማሚ ቲል ቀዳቸው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማስረጃ የለኝም። ዝግጅቱ ግን ምስክርነት ከተረገጠበት ቦታ የተነሣ ነው። እውነት ይዞ የማይደመጥን ሰው ለማሳየት ሲፈልግም ደጋግሞ የሴት ፊት መምረጡ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስልም።

በመንገድ ዳር የቆመው ሰውዬ

ናን አዳምስን እንውሰድ። በጃንዋሪ 1960 በታየው «ሂች ሃይከር» በተባለው ክፍል ኢንገር ስቲቨንስ የተጫወተቻት ወጣት ናት። ከኒው ዮርክ ተነሥታ ብቻዋን መኪና እየነዳች ወደ ሎስ አንጀለስ ትጓዛለች። ፔንሲልቬንያ ላይ ጎማዋ ይፈነዳል። ከዚያ በኋላ አንድ ከሲታ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ፣ እንድታሳፍረው በአውራ ጣቱ ምልክት ያሳያታል። ጥላው ትሄዳለች፤ ከመቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቀድሟት ቆሞ ታገኘዋለች። ደግማ ጥላው ትሄዳለች፤ አሁንም ቀድሟታል።

የታሪኩ ባለቤት ሉሲል ፍሌቸር የተባለች ደራሲ ናት። በ1941 ለራዲዮ ስትጽፈው ነጂው ወንድ ነበር፤ የተጫወተውም ኦርሰን ዌልስ ነው። ፍሌቸር ሐሳቡን ያገኘችው ከባሏ ጋር አገር አቋርጠው በመኪና ሲጓዙ አንድ እንግዳ ሰው ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ቆሞ በማየቷ ነው። ባሏ የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ሲሆን፣ የ«ትዋይላይት ዞን»ን የመጀመሪያ ዓመት የመክፈቻ ሙዚቃ የደረሰው እሱው ነው።

ሰርሊንግ ነጂውን ሴት ሲያደርጋት ታሪኩ ሌላ ሆነ። ወንድ ነጂ መንገድ ዳር የቆመን ሰው ቢፈራ ምን ነካው ያሰኛል። በሌሊት ብቻዋን የምትነዳ ሴት ግን ብትፈራ ምክንያቷን የማያውቅ የለም። ፍርሃቷ የዕለት ተዕለት ፍርሃት ነው፤ ከዚያ ነው ቀስ እያለ ወደ ሌላው ዓለም የሚሻገረው። አንድ መርከበኛ ታሳፍራለች፤ ወንድ አጠገቤ ካለ እድናለሁ ብላ ነው። መርከበኛው ግን የምትለውን ሰውዬ አያይም። ልትገጨው መሪውን ስታጥፍ የሚታየው አንዲት አእምሮዋ የተነካ ሴት ብቻ ነው። ብትለምነውም ጥሏት ይወርዳል።

በመጨረሻ ወደ ቤቷ ትደውላለች። የማታውቀው ሰው ስልኩን ያነሣና እናቷ ሆስፒታል መግባቷን፣ ይኸውም ልጇ ናን ፔንሲልቬንያ ውስጥ በመኪና አደጋ በመሞቷ የተነሣ መሆኑን ይነግራታል። ናን የሞተችው ጎማው የፈነዳ ጊዜ ነበር። ቀድሟት የሚቆመውም ሞት ነው። ናን ያየችውን አልተሳሳተችም፤ የቀራት ራሷን ማየት ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት በጁን የታየችው ማርሻ ዋይትም የዚህ እኅት ናት። አን ፍራንሲስ የተጫወተቻት ማርሻ ወደ አንድ ትልቅ መደብር ሄዳ ለእናቷ የወርቅ የስፌት ቆብ ትገዛለች። የገዛችው 9ኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕቃው ተጭሮ ስታገኘው አቤቱታ ታቀርባለች። መደብሩ 9ኛ ፎቅ እንደሌለው ይነገራታል። የሸጠችላትን ሴት በዓይኗ ስትፈልግ ያቺ ሴት ልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ሆና ታገኛታለች። ኋላ ማታ፣ ሱቁ ተዘግቶ ብቻዋን ስትቀር ነው እውነቱ የሚገለጥላት። ማርሻ ራሷም አሻንጉሊት ናት። አሻንጉሊቶቹ በተራ ለአንድ አንድ ወር ሰው ሆነው ይወጣሉ፤ ማርሻ ሰውነቱ ጥሟት መመለሷን ረስታለች። የሸጠችላት ሴት ተረኛዋ ነበረች። ታሪኩ የሚያስደነግጠውን ያህል ያሳዝናል፤ ሰው መሆን በወረፋ የሚደርስ ነገር ሆኖ።

ፋሻው ሲፈታ

በኖቬምበር 1960 የታየው «የተመልካች ዓይን» የዝግጅቱ ዝነኛ ክፍል ነው ቢባል ብዙ አያከራክርም። ጃኔት ታይለር ፊቷ እስከ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ሆስፒታል ተኝታለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰው አይቷት የሚጮህባት፣ መልከ ጥፉ ተብላ የኖረች ናት። መንግሥት የሚፈቅደው 11 ጊዜ ሕክምና ብቻ ነው፤ ይህ የመጨረሻዋ ነው። ካልተሳካ እንደሷ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው ወደሚኖሩበት መንደር ትላካለች። የሐኪሞቹና የነርሶቹ ፊት በጨለማና በጥላ ተሸፍኖ አይታይም። ሐኪሙ ያዝንላታል፤ ሰው ከሌላው ቢለይ ምን ነውር አለው ብሎ ሲያጉረመርምም ነርሷ እንዲህ ያለው ንግግር ክሕደት መሆኑን ታስታውሰዋለች።

ፋሻው ይፈታል። ሕክምናው አልተሳካም፤ ምንም ለውጥ የለም። የምናየው ግን ውብ የሆነች ወጣት ሴት ነው። መብራቱ ሲበራ የሐኪሞቹም ፊት ይታያል፤ አፍንጫቸው የዐሣማ፣ ከንፈራቸው የተጣመመ። ጃኔት በመተላለፊያው እየጮኸች ስትሮጥ በየግድግዳው ባለው ቴሌቪዥን የአገሩ መሪ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን እንዳለበት እየደነፋ ይሰብካል።

ጃኔትን ሁለት ሴቶች ተጫውተዋታል። በፋሻው ውስጥ ያለችው ማክሲን ስቱዋርት ናት፤ ፊቷ ሳይታይ በድምፅዋና በእጆቿ ብቻ ሥቃዩን ሁሉ ያስተላለፈች። ፋሻው ሲፈታ የምትታየው ደግሞ ዶና ዳግላስ ናት። የታሰበው የዳግላስ አፍ ሲንቀሳቀስ የስቱዋርት ድምፅ እንዲገባበት ነበር። ዳግላስ ግን ቀረጻው ላይ እየተገኘች ድምፁን አጥንታ ስለነበር ራሷ ተናገረችው። ለሥቃዩ አንዲት ሴት፣ ለውበቱ ሌላ ሴት መፈለጉ ራሱ ስለዘመኑ ቴሌቪዥን የሚነግረን ነገር አለ።

ጃኔት የምታሳዝነው በሌላ ምክንያትም ነው። እሷ ራሷ ሐኪሞቹን አምናለች። አምርራ የምትለምነው እንደነሱ እንዲያደርጓት ነው። «አሞሻል» የሚለው ቃል ከውጭ ወደ ውስጥ ገብቶ የራሷ ቃል ሆኗል።

ይህን ቃል እምቢ ያለችው ማሪሊን ኩበርል ናት። በጃንዋሪ 1964 በታየው «12 ቁጥር አንቺን ትመስላለች» በተባለው ክፍል ኮሊን ዊልኮክስ ተጫውታታለች። መሠረቱ ቻርልስ ቦመንት በ1952 ያሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። ዘመኑ 2000 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ያኔ ሩቅ ነበር። በዚያ ዓለም ሰው ሁሉ 19 ዓመት ሲሞላው ከተዘጋጁት ቁጥር ያላቸው መልኮች አንዱን መርጦ ይለወጣል። የተለወጠ አይታመምም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ማሪሊን 18 ዓመቷ ነው። አልለወጥም አለች።

ማንም አይቆጣትም። እናቷ፣ ጓደኛዋ፣ ሐኪሙ፣ የነፍስ ሐኪሙ ሁሉም ፈገግ ይላሉ። የሚያስደስት መጠጥ ይቀዱላታል። ማንም ተገድዶ አያውቅም ይሏታል፤ የእነሱ ሥራ አልፈልግም ያሰኛትን ነገር ማግኘትና ማስወገድ ብቻ ነው። አባቷ የተከለከሉ መጻሕፍት በድብቅ ያስነብባት ነበር። እሱ ራሱ ተለውጦ ማንነቱን ቢያጣ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ሁሉም ውብ ከሆነ ውብ የሚባል አይኖርም ብላ ትከራከራለች። ክርክሯን እንደ ክርክር የሚሰማላት ግን የለም፤ እንደ በሽታ ምልክት ይመዘግቡላታል።

ማሪሊን ሆስፒታሉ ውስጥ ስትሸሽ በሩን ትከፍታለች፤ የቀዶ ጥገናው ክፍል ሆኖ ይጠብቃታል። ስትወጣ 8 ቁጥር ናት። መስተዋት ፊት ቆማ በደስታ ትስቃለች፤ ጓደኛዋን መምሰሏን እንደ ታላቅ ዕድል ትነግራታለች። ከዝግጅቱ ሁሉ እኔን የሚከብደኝ ይህ ፈገግታ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ቢያንስ እየጮኹ ተወሰዱ።

ይህ ክፍል ከመታየቱ 11 ወር ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 1963፣ ቤቲ ፍሪዳን ስለ አሜሪካ የቤት እመቤቶች የጻፈችው ዝነኛ መጽሐፍ ወጥቶ ነበር። ፍሪዳን ያየችው ቤት፣ ባልና ልጅ ያላቸው የተማሩ ሴቶች ስም ባልተገኘለት ቅሬታ ሲብሰለሰሉ፣ ጥያቄያቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱና እንደ ሕመምተኛ ሲታዩ ነው። በዚያው ዓመት በጁን አሜሪካ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የሚል ሕግ አወጣች። የማሪሊን ታሪክ ከማርስ የመጣ አልነበረም፤ ከጎረቤት ቤት የመጣ ነው።

ቃል ያልተሰጣቸው

ሌላ ዓይነት ሴቶችም አሉ፤ የማይናገሩ። በጃንዋሪ 1961 የታየው የሪቻርድ ማቲሰን ድርሰት «ወራሪዎቹ» አንዲት ስም የሌላት የገጠር ሴት ያሳየናል። ጣራዋ ላይ ትንሽ የጠፈር መርከብ ያርፋል፤ የጣት ርዝመት ያላቸው ፍጡራን ይወጡና ያቆስሏታል። በመጥረቢያ ትዋጋቸዋለች። አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ታቃስታለች፣ ትጮኻለች። መጨረሻ ላይ በተሰባበረው መርከብ ላይ የአሜሪካ አየር ኃይል ምልክት ይነበባል። ወራሪዎቹ የእኛው የምድር ሰዎች ነበሩ፤ እሷ የሌላ ፕላኔት ግዙፍ ሴት ናት።

የተጫወተችው አግነስ ሙርሄድ ናት። ሙርሄድ በ1943 በራዲዮ ዝናን ያተረፈችው በድምፅዋ ብቻ ነበር። ድራማው የዚያችው የሉሲል ፍሌቸር ሲሆን፣ አልጋ ላይ የዋለች አንዲት ሴት የስልክ መሥመር ተሳስቶ የግድያ ምክር ሰምታ ለፖሊስ ብትነግርም የሚያምናት አጥታ የምትገደልበት ነው። ያኔ ብትናገር አልተሰማችም፤ በ1961 ደግሞ ቃል ራሱ አልተሰጣትም። ነገር ግን አሁን ታሪኩን የምናየው በእሷ ዓይን ነው፤ ሳናውቀው ከእሷ ጋር ወግነን በራሳችን ላይ መጥረቢያ አንሥተናል።

በሴፕቴምበር 1961 በታየው «ሁለት» ደግሞ ኤልሳቤጥ ሞንትጎመሪ የጠላት ወገን ወታደር ሆና ትታያለች። ጦርነቱ ሁሉን ጨርሷል፤ በፈረሰችው ከተማ ውስጥ የቀሩት እሷና አንድ ወንድ ናቸው። በታሪኩ ሁሉ የምትናገረው አንድ የሩሲያ ቋንቋ ቃል ብቻ ነው። በሱቅ መስኮት ውስጥ የተሰቀለ ቀሚስ አይታ «ውብ ነው» ትላለች። ይህ የታየው የበርሊን ግንብ በተሠራበት ዓመት፣ ግንቡ መሠራት ከጀመረ አንድ ወር ጥቂት ሲያልፈው ነው።

እኒህ ሁለት ተዋናዮች በ1964 «ቢዊችድ» በተባለው አስቂኝ ተከታታይ እናትና ልጅ ሆነው ተገናኙ። ልጂቱ አስማተኛ ናት፤ ባሏ ግን ችሎታዋን እንዳትጠቀም ይለምናታል። «ሴት ብታውቅ» የሚለው ተረት አሜሪካም ደርሶ ያስቅ ነበር ማለት ነው።

በእርግጥ የታመመችም አንዲት አለች። በኖቬምበር 1961 የታየችው ሠዓሊዋ ኖርማ ምድር ወደ ፀሐይ እየቀረበች፣ ከተማዋ እየጋየች፣ ከጎረቤቷ ከወይዘሮ ብሮንሰን ጋር ውሃ እየተካፈለች ትሰነብታለች። ሁሉም የትኩሳት ቅዠት ነበር። ስትነቃ ውጭ በረዶ ይጥላል፤ እውነቱ ምድር ከፀሐይ እየራቀች መሆኗ ነው። ኖርማ ቅዝቃዜውን አመስግና ትተኛለች። የሚፈሩት ጤነኞቹ ናቸው።

ከካሜራው ጀርባ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ዝግጅቱን ከነጉድለቱ እንዳናይ ሊጋርደን አይገባም። እኒህን ሴቶች በአመዛኙ የጻፏቸው ወንዶች ናቸው። ከ156ቱ ክፍሎች ያዘጋጀች ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ አይዳ ሉፒኖ። በማርች 1964 «ጭምብሎቹ» የተባለውን ክፍል አዘጋጀች። ሉፒኖ ከ4 ዓመት በፊት በዚሁ ዝግጅት ተውናም ነበር፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የወጣትነቷን ፊልሞች ስታይ የምትውል፣ በመጨረሻም ፊልሙ ውስጥ ገብታ የምትጠፋ ያረጀች የሲኒማ ኮከብ ሆና። ገጸ ባሕርይዋ ወደ ሸራው ውስጥ ሸሸች፤ ተዋናይቷ ግን ከ1949 ጀምሮ ወደ ካሜራው ጀርባ መሄድን መርጣ ነበር። የቴሌቪዥን ድርሰት የጻፈችው ብቸኛዋ ሴትም አዴል ስትራስፊልድ ናት፤ ሥራዋ የታየው በኤፕሪል 1964፣ ዝግጅቱ ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው ነው።

ጨቅጫቃ ሚስቶችም ሞልተዋል። በኖቬምበር 1959 በታየው ክፍል የባሏን የግጥም መጽሐፍ መሥመር በመሥመር ያጠቆረችው የቤሚስ ሚስት አትረሳም። ደግነቱ ይህ ታሪክ የተወሰደው ሊን ቬነብል በ1953 ካሳተመችው አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ደራሲዋ ሴት ናት። ስለዚህ ጉዳዩ ጨካኝ ሴት ለምን ተጻፈች አይደለም። የመጻፊያው ወንበር ለስንቶቹ ደረሰ ነው።

ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሚሊሰንት፣ ናን፣ ማርሻ፣ ጃኔት፣ ማሪሊን፣ ኖርማ፤ ሁሉም ነጮች ናቸው። በኤፕሪል 1960 ስለ አንድ ጥቁር ቡጢኛ በታየው ክፍል ኪም ሃሚልተን የአንድ ሕፃን እናት ሆና በክብር ትታያለች። የታሪኩ ባለቤቶች ግን ቡጢኛውና ልጇ ናቸው። በኤመት ቲል ግድያ አፉ የተያዘ ደራሲ የፈጠረው ዓለም ለአንዲት ጥቁር እናት የራሷን ታሪክ ሳይሰጣት አለቀ።

በር የከፈተችው አሮጊት

በጃንዋሪ 1962 በታየው የጆርጅ ክሌይተን ጆንሰን ድርሰት ዋንዳ ዳን የምትባል አሮጊት አለች። የተጫወተቻት እንግሊዛዊቷ አንጋፋ ተዋናይ ግላዲስ ኩፐር ናት። ዋንዳ ሞትን አይታዋለች። አውቶቡስ ውስጥ አንዲትን አሮጊት ሲነካት አይታለች፤ በሌላ ጊዜም በሌላ ሰው መልክ አይታዋለች። ስለዚህ በሯን ዘግታ ከሰው ተለይታ ትኖራለች። አንድ ቀን አንድ ወጣት ፖሊስ ቆስሎ ደጃፏ ላይ ወድቆ ይለምናታል። ወጣቱ ያኔ ገና ስሙ ያልገነነው ሮበርት ሬድፎርድ ነው። ዋንዳ ከብዙ ማመንታት በኋላ ትከፍትለታለች።

ሞት እሱው ነው። ዋንዳ እንደገመተችው መልኩን ለውጦ መጣ። አልተሳሳተችም። ወጣቱ ግን አላሞኛትም፤ አሞሻልም አላላትም። ቁጭ ብሎ ፍርሃቷን አዳመጠ፣ በትዕግሥት መለሰላት፣ ከዚያም እጁን ዘረጋ። በዚህ ሁሉ ዝግጅት ውስጥ የሴትን ቃል እንደ ቃል ካዳመጡት ጥቂቶች አንዱ ሞት መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

ሰርሊንግ በጁን 1975 ገና በ50 ዓመቱ ዐረፈ። ማሪሊን ይኖርበታል የተባለው 2000 ዓመትም መጥቶ አለፈ። ቁጥር ያለው መልክ በአዋጅ አልታዘዘም፤ ፊትን በአንድ ጣት ንክኪ አለስልሶ አንድ ዓይነት የሚያደርግ ስልክ ግን በየኪሳችን አለ። ያየችውን የምትናገር ሴትም በፖሊስ ጣቢያው፣ በሐኪሙ ክፍል፣ በቤተ ዘመድ ጉባኤ «አሞሻል» መባሏ አልቀረም።

ወይዘሮ ማሚ ቲል በ1955 የልጃቸው የሬሳ ሣጥን እንዳይዘጋ አደረጉ። በድብደባ የተበላሸውን ፊት ቺካጎ ውስጥ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰልፎ አየው፤ ፎቶግራፉም በጥቁሮች መጽሔት ታተመ። ሕዝቡ ራሱ ይየው አሉ። በጃንዋሪ 2003 ሲያርፉ የዳኝነት ጉባኤው ፍርድ አልተለወጠም ነበር። በማርች 2022 ግን አሜሪካ የደቦ ግድያን የሚቀጣ ሕግ በልጃቸው ስም አወጣች። የሰርሊንግ ሴቶች ፋሻቸውን የፈታላቸው፣ ስማቸውን የጻፈላቸው ደራሲ ነበር። እኒህ እናት ግን ሣጥኑን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው።